አንድ ጠርሙስ ውሃ ምን ይነግረናል? ስለ አካባቢ ዲ.ኤን.ኤ. ምርምር አጭር መግለጫ

መግቢያ

በእንጦጦ ተራራ ጫፍ ላይ የወረደ ዝናም በሁለት ወገን ይከፈላል። ወደ ሰሜን የፈሰሰው ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብቶ፥ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ያመራል። ወደ ደቡብ፥ ማለት ወደ ጉለሌ የፈሰሰው ግን በቀጨኔና በሌሎቹ ጅረቶች በኩል ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ የአንዱ ተራራ ውሃ ከፊሉ ለባሕር፥ ከፊሉ ለበረሓ ሆኖ ይለያያል ማለት ነው።

ይህን ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልንገልጸው ያሰብነው የምርምር ዘዴ፥ ይኸውም የአካባቢ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው፥ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ይልቁንም የባሕር ዳርቻን ሕይወት ለማጥናት እየተሠራበት ነው። አገራችን ግን ኤርትራ ነፃ ከወጣችበት ከ1993 ጀምሮ የባሕር ዳርቻ የላትም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ የባሕር ዳርቻ ምርምር ለእኛ ምን ይረባናል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሳችን ግን አጭር ነው። በቋንቋችን «ባሕር» የሚለው ቃል ለጨው ውሃ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በጣና ዳርቻ ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለን ሰይመናታል። ዳርቻ ማለት ውሃና የብስ የሚገናኙበት፥ ዓሣና ወፍ፣ ከብትና ሰው የሚሻሙበት ቦታ ነው። ይህ ደግሞ በሐይቅም ዳር፥ በትንሽ ጅረትም ዳር ያው ነው። በውቅያኖስ ዳር የሚሠራው ዘዴ በቀጨኔ ወንዝ ዳርም ይሠራል።

ልንገልጸው ያሰብነው ነገር በሦስት ቃል ይጠቃለላል። ውሃ በውስጡና በዳሩ ለሚኖረው ፍጥረት ይመሰክራል፤ ምስክርነቱን ለማንበብ ግን የተሟላ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ምስክሩም ዘወትር አይቆይም።

ነገሩ ምንድር ነው?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፥ ከባሕር ዛፍ ጀምሮ እስከ ጉንዳን ድረስ፥ እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሱም ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅምና ቀጭን ክር ይገኛል። ይህን ክር የፍጥረቱን ጠባይ የያዘ ጽሑፍ ነው ብንለው አንሳሳትም። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆሄያት ሲኖሩት፥ የዲ.ኤን.ኤ. ጽሑፍ በአራት ሆሄያት ብቻ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን የሆሄያቱ ቅደም ተከተል ከዝርያ ወደ ዝርያ ይለያያል። ስለዚህ የክሩን ቁራጭ ያገኘ ሰው፥ ባለቤቱን በዓይኑ ሳያይ ማንነቱን ሊያውቅ ይችላል።

ፍጥረት ደግሞ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ከሰውነቱ ጥቂት በጥቂት ይጥላል። ዓሣ ሲዋኝ ልጋጉንና ቅርፊቱን ይተዋል፤ እንቁራሪት ከቆዳዋ፥ ወፍ ከላባውና ከኩሱ፥ ዛፍ ከቅጠሉና ከአበባው ዱቄት ያፈሳል። ውሃ ሊጠጣ የመጣ ከብትም ምራቁን በወንዙ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ዲ.ኤን.ኤ. የያዘ ነው። በውሃ፣ በጭቃ፣ በአፈርና በአየር ውስጥ ተበታትኖ የሚገኘው እንዲህ ያለው ቅሪት በጠቅላላው የአካባቢ ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል። አዳኝ አውሬውን ሳያይ በዱካው እንደሚያውቀው፥ ተመራማሪውም ዓሣውን ሳያጠምድ፥ ወፉን ሳይገድል፥ ከውሃው ብቻ ያውቀዋል።

ዱካ በዝናም እንደሚጠፋ ይህም ቅሪት ይጠፋል። የፀሐይ ብርሃን፣ ሙቀትና ተሐዋስያን ይበሉታል። በተገለጠ ውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ነው። ይህ መቸኮሉ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ጥቅሙ፥ በውሃው ውስጥ የተገኘው ምልክት የዛሬውን ኑሮ እንጂ የአምናውን የማያሳይ መሆኑ ነው። ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ደለል ውስጥ የተቀበረው ግን እጅግ ረጅም ዘመን ይኖራል። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት፥ ከሰሜን ግሪንላንድ ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተከማቸ ደለል ተመርምሮ የዛፎችና የእንስሳት ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ተገኘበት አስታውቋል።

ዘዴው እንዴት ተገኘ?

የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ የታወቀው በ1953 ነው። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ትልቁ ችግር የቁራጩ ማነስ ነበር፤ ከአንድ ጠብታ የሚገኘው ክር ለንባብ አይበቃም ነበርና። በ1983 ካሪ ሙሊስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ አንዱን ቁራጭ ደጋግሞ የሚያባዛውን ፒ.ሲ.አር. የተባለውን ዘዴ አሰበ፤ ስለዚህም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚህ ዘዴ ቁራጩ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ስለሚሄድ፥ አንዱ ከሠላሳ ዙር በኋላ ከ1,000 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

በ2003 ቪለርስሌቭ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፥ አጥንትና ቅሪት ሳይታይ ከሳይቤሪያ በረዷማ አፈር ብቻ የጥንት ዕፅዋትንና እንስሳትን ዲ.ኤን.ኤ. አወጣ። በ2008 ደግሞ ፊቼቶላና ጓደኞቹ በፈረንሳይ አገር ከኩሬ ውሃ ቀድተው፥ ከአሜሪካ የመጣችውና ያገሩን እንቁራሪቶች የምታጠፋው ትልቅ እንቁራሪት በየትኛው ኩሬ እንዳለች ለማወቅ ቻሉ። በ2012 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ግማሽ ሊትር በሚይዙ ጠርሙሶች ከባሕር ዳርቻ ውሃ ወስደው የ15 ዓይነት ዓሦችን ምልክት አገኙበት። በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ብዙ የዓሣ ዝርያዎችን ባንድ ጊዜ ለማንበብ የሚያገለግል መሣሪያ አወጡ፤ ይህም ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። እንግዲህ መረብና መርከብ ይጠይቅ የነበረው የባሕር ዳርቻ ጥናት፥ በጠርሙስና በማጣሪያ ሊጀመር ቻለ።

አሠራሩ

ሥራው በስድስት ደረጃ ይከናወናል።

መጀመሪያ፥ በንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል። ቀጂው ጓንት ያጠልቃል፤ ከታች ቆሞ ወደ ላይ ፊቱን ያዞራል እንጂ፥ ውሃውን ረግጦ ካደፈረሰው በኋላ አይቀዳም።

ሁለተኛ፥ ውሃው ይጣራል። የማጣሪያው ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ያነሰ ነው። ውሃው ያልፋል፤ ሕዋሱና ቅርፊቱ በወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፥ ከወረቀቱ ላይ ዲ.ኤን.ኤው በመድኃኒት ታጥቦ ከሌላው እድፍ ይለያል።

አራተኛ፥ ከላይ በተገለጸው በፒ.ሲ.አር. ዘዴ ይባዛል። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱን የታወቀ ዝርያ ብቻ መፈለግ ይቻላል፤ ወይም የዓሣን ወገን ሁሉ፥ የዕፅዋትን ወገን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማባዛት ይቻላል።

አምስተኛ፥ የተባዛው በማንበቢያ መኪና ገብቶ የሆሄያቱ ተራ ይነበባል።

ስድስተኛ፥ የተነበበው ከመዝገብ ጋራ ይመሳከራል። መዝገቡ ስማቸው በርግጥ የታወቀ ዝርያዎች ዲ.ኤን.ኤ. የተመዘገበበት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋራ አንድ ነገር አይረሳም። ምንም ያልነካው ንጹሕ ውሃ በሌላ ጠርሙስ ተሞልቶ፥ ከወንዙ ውሃ ጋራ ወደ ሜዳ ወጥቶ፥ እንደ ወንዙ ውሃ ተጣርቶ እንዲመረመር ያስፈልጋል። በዚህ ባዶ መሆን በሚገባው ጠርሙስ ውስጥ የዓሣ ምልክት ቢገኝ፥ ዓሣው የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከመርማሪው እጅ ወይም ከምሳው ነው ማለት ነው። የቀሩትንም ውጤቶች ሁሉ መጠራጠር ይገባል።

የጉለሌ ውሃዎችና ሰፈረ ፓስተር

ጉለሌ ስሙን ያገኘው በዚህ አገር ይኖር ከነበረው ከኦሮሞ ጎሣ ነው። አገሩ በእንጦጦ ግርጌ ተንጣሎ ስለሚገኝ ውሃው ሁሉ ከላይ ወደ ታች በሰፈሩ መካከል ያልፋል። በላይ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ሲሆን፥ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ተራራውን በሸፈነው በባሕር ዛፍ ፈንታ ያገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለማልማት ይደከምበታል። በታች በኩል ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የሰው መኖሪያ አለ። በዚህም ምክንያት፥ ማልዶ ከማዕከሉ ተነሥቶ ጅረቱን ተከትሎ በእግሩ የወረደ ሰው፥ ቀኑ ሳይጋመስ ከጫካ ውሃ ወደ ከተማ ውሃ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል፤ በአፍንጫውም ያውቃል።

ውሃን እንደ ምስክር መጠየቅ ለጉለሌ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ቦታ፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተብሎ የተቋቋመው ተቋም፥ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሎ ይገኛል። የአገሪቱ የፖሊዮ ላቦራቶሪ ያለው በዚያ ነው። በፖሊዮ ቫይረስ ከተያዙት 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ያህሉ ብቻ ስለ ሆነ፥ በሽተኛውን ብቻ የሚጠብቅ ሐኪም ቫይረሱ ከተሠራጨ በኋላ ይደርስበታል። ነገር ግን የተያዘ ሰው ሁሉ ቫይረሱን ከዓይነ ምድር ጋራ ያስወጣል። ስለዚህ የከተማን ፍሳሽ ውሃ የመረመረ፥ አንድም ሕፃን ሽባ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ያገኛል። በርግጥ የፖሊዮ ቫይረስ የያዘው ጽሑፍ ዲ.ኤን.ኤ. ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ አር.ኤን.ኤ. ነው፤ አሠራሩም ቫይረሱን አስቀድሞ በሕያዋን ሕዋሳት ላይ በማራባት የሚጀምር ስለ ሆነ ይለያል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ በየቤቱ እየዞሩ ከመጠየቅ ይልቅ ውሃውን መጠየቅ ይበልጣል።

ውሃው ሲያሳስት

ማንም ምስክር ሳይጣራ ቃሉ አይወሰድም። ውሃም እንዲሁ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው የስሕተት መንገዶች በማንኛውም አገር ያሉ ቢሆኑም፥ በከተማችን ወንዞች ዘንድ ይልቁንም ይብሳሉ።

አንደኛው ምክንያት ጉዞ ነው። ወንዝ የተሸከመውን ይዞ ይወርዳል። በ2014 የታተመ የስዊስ አገር ጥናት የሐይቅ ፍጥረት ዲ.ኤን.ኤ. ከሐይቁ ከወጣ በኋላ በወንዙ ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ እንደ ተገኘ አሳይቷል። ስለዚህ ከድልድይ ሥር የተገኘ ምልክት የድልድዩ ሥር ነዋሪ ነው ማለት አይቻልም፤ ከእንጦጦ የወረደ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ማድ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ጅረት የወጥ ቤትንና የመጸዳጃን ፍሳሽ ይቀበላል። ከቀጨኔ ወንዝ በታች የተቀዳ ውሃ ቢመረመር በሬ፣ በግ፣ ዶሮ፣ ሽንብራና ጤፍ መውጣታቸው አይቀርም። ከቆሮሶ ዓሣም ምልክት ሊገኝ ይችላል። ይህን ያየ የውጭ አገር መርማሪ «በዚህ ወንዝ ውስጥ ቆሮሶ ይኖራል» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ያገሩ ተማሪ ግን ዓሣው ከዝዋይ ወይም ከሌላ ሐይቅ ተጠምዶ፥ በምሳ ሰዓት ተበልቶ፥ በፍሳሽ እንደ ገባ ያውቃል። ስለዚህ ውጤቱን የሚተረጕም ሰው የሰፈሩን ኑሮ፥ የገበያውን ቀንና የጾሙን ወራት ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ደለል ነው። በክረምት ወንዞቻችን እንደ ቡና አተላ ይደፈርሳሉ። ቅጠላ ቅጠል ያለበት አፈር ደግሞ የፒ.ሲ.አርን ሥራ የሚያግዱ ነገሮችን ይዟል፤ ማጣሪያውም ገና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳያልፍበት ይደፈናል። በውጭ አገር ጥሩ የሆነው መመሪያ በእኛ ወንዝ እንዳለ አይሠራም፤ እንደ አገሩ መስተካከል አለበት።

አራተኛው ዝምታ ነው። ምልክት አለመገኘቱ ፍጥረቱ የለም ማለት አይደለም። ቅሪቱ ጥቂት ሊሆን፥ ወይም የቀዳነው ሰዓት ሳይስማማ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የተገኘም እንደ ሆነ ስንት እንደ ሆኑ፥ ወጣቶች ይሁኑ ሽማግሌዎች፥ ሕያዋን ይሁኑ የሞቱ አይነግረንም።

የጣና ዓሦች ትምህርት

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ችግር የሚያስረዳን ግን ከጉለሌ ሳይሆን ከጣና የሚገኝ ምሳሌ ነው። ወደዚያም የምንሻገረው ነገሩ በዓለም ላይ እንደ ጣና ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ነው። የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች ያሉት ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ ስለሚከለክል፥ በሐይቁ ውስጥ ያሉት ከዓባይ ዓሦች ተለይተው ኖረዋል። በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋራ ባደረጉት ጥናት፥ ቀድሞ እንደ አንድ ይቈጠሩ የነበሩት ላቤዎባርቡስ የተባሉት ትልልቅ ዓሦች በርግጥ 15 ያህል ልዩ ልዩ ዝርያዎች መሆናቸው ተገለጸ። ከእነርሱም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። አፋቸው፣ ጭንቅላታቸውና ምግባቸው ይለያያል። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምትና በክረምት መውጫ ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ያገኛል። ጉዳቱም ብዙ ሆኗል፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ የተደረጉት ጥናቶች ያመለክታሉ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ዳርቻ ታየ። እንግዲህ የትኛው ዝርያ በየትኛው ወንዝ፥ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ ቢታወቅ፥ ያንን ወንዝ በዚያ ሳምንት ብቻ ከመረብ ማሳረፍ ይቻላል። ዓሣ አጥማጁም ዓመቱን ሙሉ ከሥራው አይከለከልም። ያለ መረብ፥ በውሃ ብቻ ይህን ማወቅ ቢቻል ምንኛ መልካም በሆነ!

ነገር ግን እዚህ ላይ ዘዴው ይሰናከላል። ለንባብ ዘወትር የሚመረጠው የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ሚቶኮንድሪያ ከተባለው የሕዋስ አካል የሚወጣው ነው፤ በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በብዙ ቅጂ ስለሚገኝ በቀላሉ ይገኛልና። የጣና ላቤዎባርቡስ ዝርያዎች ግን ገና ወጣቶች ናቸው። ሐይቁ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር ከሥሩ የወጣው ደለል አስረድቷል። ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርብ ዘመን ስለ ሆነ፥ ይህ የጽሑፍ ክፍል በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጉማራ የተቀዳው ውሃ «ላቤዎባርቡስ አልፏል» ይላል እንጂ፥ ከዐሥራ አምስቱ የትኛው እንዳለፈ አይናገርም። ሆላንዶቹና ኢትዮጵያውያኑ በመለኪያና በዓይን የለዩትን፥ መኪናው በተለመደው መንገዱ አይለየውም። እነርሱን ለመለየት ከሕዋሱ አስኳል ውስጥ ሌላ የጽሑፍ ክፍል መፈለግ ግድ ነው፤ ያም የሚገኘው በመጀመሪያ እያንዳንዱን ዓሣ በስሙ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አዲሱ ዘዴ የድሮውን የተፈጥሮ ታሪክ አጥኚ ከሥራው አያስወጣውም፤ ይልቁንም ከቀድሞው የበለጠ ተፈላጊ ያደርገዋል።

መዝገቡን ማን ይጽፋል?

በዕፅዋት በኩል አገራችን መልካም መሠረት አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዝገብ ከ1959 ጀምሮ ሲያሰባስብ ኖሯል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራም በ2009 ተፈጽሞ፥ 6,000 ያህል ዝርያዎች ተገልጸውበታል። ከእነዚህ ቅጠሎች እየቈረጡ ዲ.ኤን.ኤ. ማንበብ ቢቻል፥ ከእንጦጦ ጅረት የተገኘው የዛፍ ምልክት ከማን እንደ ሆነ ለማወቅ ትልቅ ርዳታ ይሆናል።

በእንስሳት በኩል ግን ሥራው ገና ነው። ለምሳሌ በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖሩ አራት የእንቁራሪት ዝርያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ወጥቶላቸዋል። እነዚህ እንቁራሪቶች ከዚያ በፊት ያልነበሩ ሆነው አይደለም፤ በየሜዳው ሲጮኹ ኖረዋል፥ ግን ከሌሎች ጋራ ተቀላቅለው ይቈጠሩ ነበር። በመዝገብ ያልገባ ፍጥረት በውሃው ውስጥ ቢገኝ መኪናው «ስሙ የማይታወቅ» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ከሌላ አገር ዘመዱ ስም ጋራ ያሳስተዋል። የወንዝ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ትልና የተርብ እጭ ዝርዝር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው።

መዝገቡን ሌላ አገር እንዲጽፍልን መጠበቅ አይገባም። ውሃውና ማጣሪያው በቀላሉ በሻንጣ ተጭኖ ወደ ውጭ ስለሚሄድ፥ ምንጩ ከእኛ፥ እውቀቱ ከሌላ ዘንድ ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አገራችን ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት በ2006 ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 ይህን ጉዳይ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ በዚህ ሥራ የሚገባ ተማሪ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል። ከዚህም ሌላ በ2023 የታተመ ጥናት፥ ለእንስሳት ተብሎ ከውሃ፣ ከአሸዋና ከአየር በተወሰደ ናሙና ውስጥ የሰው ዲ.ኤን.ኤ. ጭምር ተጠብቆ እንደሚገኝ አስታውቋል። ከሰፈር መካከል የሚቀዳ ውሃ የሰፈሩን ሰው ምሥጢር እንደያዘ ተቈጥሮ በአደራ መጠበቅ አለበት።

ስለ ጉለሌ ያለን ሐሳብ

አሁን የጽሑፋችንን ሦስተኛ ቃል እናነሣለን፤ ምስክሩ ዘወትር አይቆይም ብለናልና።

በ2019 ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያሉትን የወንዝ ዳርቻዎች በ56 ኪሎ ሜትር ርዝመት ለማልማት ትልቅ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዳርቻ ተለውጧል፤ የሚለወጥም ብዙ አለ። ድንጋይ ይካባል፣ መንገድ ይሠራል፣ አበባ ይተከላል፣ ፍሳሽም ይዘጋ ይሆናል። ወንዙ ቢጸዳ ደስታው የሁላችን ነው፤ በአቃቂ ዳር አትክልት የሚያለማውና አትክልቱንም የሚበላው ሰው ጤና በዚህ ወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ነገር ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ «ወንዙ ተሻሻለን? ሕይወት ተመለሰበትን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ በምን እንመልስለታለን? ሽማግሌዎች ስለ ቀድሞው ውሃ ብዙ ይነግሩናል፤ ትዝታ ግን በሚዛን አይመዘንም። ከሥራው በፊት የተቀዳ ውሃ ከሌለ ማነጻጸሪያ የለም። የትናንት ወንዝ ውሃ ደግሞ ነገ አይቀዳም።

ስለዚህ በተማሪ አቅም ሊሠራ የሚችል አንድ ዕቅድ እናቀርባለን። አራት ቦታዎች ይመረጡ፤ አንደኛው ከዕፅዋት ማዕከሉ አካባቢ ከሰው መኖሪያ በላይ፥ ሁለተኛው ከቀጨኔ ሰፈር በታች፥ ሦስተኛው ከአቃቂ፥ አራተኛው ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሚገናኙበት ከአባ ሳሙኤል ኩሬ። በየቦታው ሦስት ሦስት ጠርሙስ፥ ከእነርሱም ጋራ አንድ የንጹሕ ውሃ ጠርሙስ ባንድ ቀን ይቀዳ። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በጥቅምትና በጥር ይደገም፤ በክረምት ግን ደለሉ ስለሚከለክል ይቅር። በዚያው ቀን በዚያው ቦታ፥ እንደ ድሮው ልማድ፥ ድንጋይ ተገልብጦ የውሃ ትሎች ይቈጠሩ፤ ወፎችም በዓይን ይመዝገቡ። ውሃው የተናገረውና ዓይን ያየው ጎን ለጎን ሲቀመጥ፥ የትኛው ምስክር በየት እንደሚያሳስት ይታወቃል።

የማንበቢያው ዋጋ ከአቅም በላይ ቢሆንስ? ለዚህም መፍትሔ አለ። የተጣራበት ወረቀት ቀን፣ ቦታና ሰዓት ተጽፎበት በብርቱ ቅዝቃዜ ቢቀመጥ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ዛሬ የመዝገቡ ገጽ ጎዶሎ ሆኖ ያልተነበበው፥ መዝገቡ ሲሟላ ይነበባል። ውድ የሆነው ማንበቡ እንጂ መቅዳቱ አይደለም። መቅዳት ግን ጊዜው ካለፈ በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው የአካባቢ ዲ.ኤን.ኤ. ዘዴ በባሕር ዳርቻ አገሮች ቢገንም፥ ባሕር ለሌላት አገራችንም የተገባ ነው። ፍጥረቱን ሳይገድል፥ መረብ ሳይዘረጋ ብዙ ይነግረናል። ነገር ግን የጉለሌ ጅረት የማድ ቤታችንን፥ የጣና ውሃም የመዝገባችንን ጉድለት አሳይተውናል። ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። ቅጠል የሚያደርቀውን፣ ዓሣ የሚለካውንና የእንቁራሪት ጩኸት የሚያዳምጠውን ሰው ሥራ እንደ አሮጌ ነገር አንናቀው፤ የመኪናው ንባብ የሚተረጐመው በእርሱ መዝገብ ነውና። ሁለተኛም፥ ወንዞቻችን መልካቸውን በመለወጥ ላይ ሳሉ፥ መዝገቡ እስኪሟላ ሳንጠብቅ ጠርሙሳችንን ይዘን እንውረድ።